የጀልባው ወዝ እና የሠራተኛው ሳንባ

ብርዱ ሲያልፍ በማይን ወንዝ ዳር ጀልባ ለመወልወል የምትቀጠሩ ወገኖች ይህችን ምክር ልብ በሉ።

የፋይበርግላስ ጀልባ ወዙን የሚያጣው ላዩ ፀሐይ እየመታው ስለሚነጣ ነው። ታጥቦ በመወልወያ ቅባት ይፈተጋል፤ ከዚያም ሰም ይቀባል። ሰሙ በየጊዜው ካልታደሰ ወዙ አይቆይም።

አደጋው ያለው ከውኃው መስመር በታች ነው። እዚያ አልጌ እንዳይይዘው የሚቀባው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት። በአሮጌ ጀልባ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 ለትናንሽ ጀልባዎች የከለከለው ቲ.ቢ.ቲ. የተባለ መርዝ ከሥሩ ሊኖር ይችላል። በደረቁ አትፋቁት!

ጭምብሉንና ጓንቱን አሠሪው በራሱ ወጪ እንዲያቀርብ የጀርመን ሕግ ያስገድደዋል። ሳታፍሩ ጠይቁ። የሰው ጀልባ እየወለወሉ የራስን ሳንባ ማጥቆር ምን ይሉታል? ቸር ይግጠመን።