መግነጢሳዊ መስክ ከጥቁር ሰሌዳ ይውረድ

ስለ መግነጢስ ስንማር አስቀድመን የምናገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ አንድ ዘንግና ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው የሚታጠፉ መስመሮችን ነው። ሥዕሉን እንገለብጣለን፤ ቀመሩን እናጠናለን፤ በፈተናም ላይ እንመልሰዋለን። ይሁን እንጂ ከመካከላችን መስኩን ራሱን ለክቶ የሚያውቅ ስንቱ ነው? ይህ አካሄድ ሊለወጥ ይገባል እንላለን። በእኛ አገር መስኩን ለመለካት ተፈጥሮ ራሷ ታግዘናለችና።

መግነጢሳዊ መስክ ማለት በመግነጢስ ወይም ኮረንቲ በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ የሚገኝ፣ በሌላ መግነጢስና በሚንቀሳቀስ ኤሌክትሪካዊ ሙል ላይ ጉልበት የሚያሳርፍ ክልል ነው። መስመሮቹ የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተውን አቅጣጫ ለማሳየት እኛ የምንሥላቸው እንጂ በኅዋ ውስጥ የተዘረጉ ክሮች አይደሉም። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኮረንቲ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ስትዞር በማየቱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ዝምድና ታወቀ።

መስኩ የማይገኝበት ስፍራ የለም ማለት ይቻላል። በሬዲዮ ድምፅ ማጉያና በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ አለ። በሆስፒታል የሚገኘው የኤም.አር.አይ. መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ መስክ ይፈጥራል። ፀሐይና ጁፒተርም የየራሳቸው መስክ አላቸው። የምድራችን መስክ የሚመነጨው ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ከሚዘዋወረው ቀልጦ ያለ ብረት ሲሆን፣ በገጸ ምድር ላይ መጠኑ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው።

ይህ መስክ በዋልታዎች አካባቢ ለመሬት ቀጤ ነክ ይሆናል፤ በአውሮፓም አዘቅዝቆ ይገኛል። በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ ግን ከመሬት ጋር ትይዩ ይሆናል። ይህ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ መጀመሩም ከተማዋ ለዚህ ወገብ ካላት ቅርበት ጋር የተያያዘ ነው። ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ኮረንቲ የሚገኘውም በዚሁ ወገብ አካባቢ ነው።

ለተማሪ ይህ ምን ይጠቅመዋል? የኮምፓስ መርፌ የምትለካው የመስኩን አግድም ክፍል ብቻ ነው። በአውሮፓ የሚገኝ ተማሪ በዚህ መንገድ የመስኩን ከፊል ብቻ ያገኛል፤ በአዲስ አበባ የሚገኝ ግን ሙሉውን ያገኛል ማለት ይቻላል።

ሙከራው ቀላል ነው። ሽቦ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ከአጭር የኮምፓስ መርፌ በላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይወጠር። ከባትሪ ድንጋይ በተከላካይ በኩል 1 አምፔር ለጥቂት ሰኮንድ ይለፍበት፤ መጠኑም በአሚተር ይታይ። የብረት ጠረጴዛና የእጅ ስልክ ይራቁ። በቀመሩ መሠረት የሽቦው መስክ 20 ማይክሮ ቴስላ ነው። መርፌዋም ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ትዞራለች። ሃያውን ለዚህ ማዕዘን ታንጀንት ብናካፍል 35 ገደማ እናገኛለን፤ የአዲስ አበባ መስክም በእርግጥ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ነው። ሽቦውን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብናደርገው መዞሩ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል። ርቀት በቀመሩ ውስጥ በአካፋይነት የተቀመጠበትን ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ገለጻ አናውቅም።

መምህራን የመሣሪያና የጊዜ እጥረት እንዳለባቸው፣ ፈተናውም የሚጠይቀው ቀመሩን እንደሆነ እንረዳለን። ነገር ግን ለአንድ ክፍል አንድ ኮምፓስ፣ አንድ አሚተርና አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ከአቅም በላይ አይደለም። ቀመሩን የሸመደደ ተማሪ ከፈተናው በኋላ ሊረሳው ይችላል፤ የምድርን መስክ በገዛ እጁ የለካ ግን ፊዚክስ የሚናገረው እርሱ ስለሚኖርበት ዓለም መሆኑን ያውቃል። የፈተና አዘጋጆችም ቢሆኑ መለካትን የሚጠይቅ ጥያቄ ቢያካትቱ ኮምፓሱ ከቁም ሣጥን ይወጣ ነበር። እስከዚያው ድረስ ግን ተማሪዎች ሆይ፣ የሳይንስ ክበባችሁን ሰብስቡና እናንተው ጀምሩት።