ሣጥኑ የት ይቀበር?

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ የሀገሩ ዓይን ሁሉ አዋሽ ላይ ነበር። ተገቢም ነው። ግን ስምጥ ሸለቆው አዋሽ ላይ አያበቃም። ወልዲያ፣ መርሳና መላው ሀብሩ ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በዚሁ ጠርዝ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ አፋር ዳባሁ ላይ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ እስከ 8 ሜትር ተላቃለች።

መሣሪያ መንቀጥቀጥን አይተነብይም፤ ይህን ማንም አያታላችሁ። የትኛው ስንጥቅ ሕያው እንደሆነ ግን ይነግረናል። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የምንሠራው በዚያ መረጃ ነው። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ወደ ሰሜን ወሎ ሲመጡ ትልቁ ጥያቄ «ስንት ናቸው?» ሳይሆን «የት ይተከላሉ?» የሚለው ነው።

መሣሪያው ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ እንቅስቃሴ ይሰማል። ከደሴ ወልዲያ አስፋልት ዳር ብትቀብሩት የሚመዘግበው ሲኖትራክ ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ ወፍጮውን፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነፋሱን፣ ወንዝ ዳር ውሃውን ይመዘግባል። የሸለቆው ሜዳ ደለል ደግሞ ሞገዱን ያጎላዋል፣ ያደበላልቀዋልም። የሚፈለገው ጠንካራ አለት ነው። በዚያ ላይ ለሶላሩ ፀሐይ፣ ለጂፒኤሱ ክፍት ሰማይ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም በመንገዱ መደርደር ነው። ለመኪና ይመቻል፤ ነገር ግን ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ እያሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር የተሰለፉ ጣቢያዎች መንቀጥቀጡ ከመስመሩ በስተምሥራቅ ይሁን በስተምዕራብ በደንብ አይለዩም። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ ሦስት፣ ጥልቀቱን ለማወቅ ደግሞ ቅርብ የሆነ አራተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ወደ ጉባላፍቶ ደጋ ይውጣ፣ ሌላው ወደ ሐራ ቆላ ይውረድ።

«ታዲያ ጸጥ ያለውን ጋራ መርጦ መቅበር ነው» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው የሌለበት አለት ለመሣሪያው ጆሮ ጥሩ ነው፤ ሶላሩና ባትሪው ግን ወር አይቆይም። ከዚያም በላይ ይህ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጦርነት ተፈራርቆበታል። የማያውቀው ሰው መጥቶ አንቴና ያለው ሣጥን መሬት ውስጥ ሲቀብር ቢያይ ቢጠረጥር ይፈረድበታል?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከአስፋልት ራቅ ያለ፣ አለት ላይ የተሠራ፣ ጥበቃ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ይፈለግ። ትንሽ ጫጫታ ቢኖርም ሌሊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ጠፍቶ ከሚቀር ጣቢያ ደግሞ ትንሽ የሚረበሽ ጣቢያ ይሻላል። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌዎች፣ ቄሱና ሼሁ፣ እድሩም ይሰብሰቡ። ሣጥኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራም በአማርኛ ይጻፍበት። ጠባቂው ከዚያው ቀበሌ ይቀጠር፣ ደመወዙም በጀት ውስጥ ይግባ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ?

በመጨረሻም መረጃው ተጭኖ ሄዶ አይቅር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ቢመራው፣ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ቅጂውን ቢይዝና ተማሪዎቹን ቢያሠለጥንበት፣ ውጤቱም ሣጥኑን ለጠበቀው ቀበሌ ቢነገር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቦታ የሚያሳየን ገበሬው ራሱ ይሆናል። አለቱ የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።