ልብሱን ወስደው ስብከቱን ተዉት

አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» ግማሹ ጦርነት፣ ግማሹ ስብከት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጁዋን ሪኮ የሚባል ወጣት ወታደር የጠላትን ከተማ ለማሸበር ከሰማይ ይወርዳል። የለበሰው የብረት ልብስ ከጣራ ጣራ ያዘልለዋል፤ ከታጠቃቸው መሣሪያዎች መሃል አነስተኛ የአቶም ሮኬት አለበት። ሰው ወደተሰበሰበበት አዳራሽ የሚወረውረው ቦምብ ደግሞ ለመፈንዳት ስንት ሰከንድ እንደቀረው በጠላት ቋንቋ እየጮኸ ይቆጥራል። ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው ገጽ ሥልጠናና ትምህርት ነው፤ ወዶ ያላገለገለ ሰው የመምረጥ መብት አይገባውም የሚል።

ይህ ልብ ወለድ ጃፓን ውስጥ ሁለት አኒሜ ወልዷል። አንዱ ስሙን ይዟል፤ ሌላው አልያዘም። እንደኔ እንደኔ መጽሐፉን በቅጡ ያነበበው ስሙን ያልያዘው ነው።

ሃያካዋ የተባለው አሳታሚ በ1977 በኪስ መጠን ሲያወጣው ሥዕሎቹን የሠሩት የስቱዲዮ ኑኤ ባለሙያዎች ነበሩ። የብዙዎች ዓይን ያረፈው ታዲያ በልብሱ ላይ ነው። አዲስ የሮቦት ተከታታይ ፊልም ሲያሰላስሉ የነበሩት ዮሺዩኪ ቶሚኖና ባልደረቦቹም ከዚሁ ሐሳብ ተነሡ፤ በ1979 «ሞባይል ሱት ጋንዳም» ለቴሌቪዥን በቃ። (ስፖንሰሩ ክሎቨር የተባለ የአሻንጉሊት ኩባንያ ስለነበር ግዙፍ ሮቦት ይፈለግ ነበርና ሰው የሚለብሰው ልብስ 18 ሜትር የሚረዝም ማሽን ሆኖ አረፈው። ሁሉም ለውጥ ከፍልስፍና አይመነጭም።)

የጋንዳምን የመጀመሪያ ክፍል ከሃይንላይን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጎን ለጎን አስቀምጡት። እዚህም ማሽኖቹ ከተማ ይወርራሉ፤ እኛ ግን ነገሩን የምናየው መሬት ላይ ሆነን፣ ከሚሸሹት ሰላማዊ ሰዎች ጋር ነው። ፍራው ቦ የምትባል ልጅ እናቷና አያቷ በፍንዳታ ይሞቱባታል። የ15 ዓመቱ አሙሮ ሬይ ተነሥታ እንድትሮጥ ይገፋፋትና እሱ መመሪያውን እያገላበጠ ነድቶት የማያውቀውን ማሽን ያስነሣል። ሪኮ ወዶ የገባበትን ጦርነት አሙሮ ሌላ አማራጭ አጥቶ ይገባበታል፤ በኋላም አልዋጋም ቢል ከአዛዡ ጥፊ ይቀምሳል።

ይህን ለውጥ መጽሐፉን ማበላሸት ነው የሚል ካለ አልስማማም። ከተሞቿ ከአየር በወረደ እሳት የነደዱባት፣ ሁለት የአቶም ቦምብ የወደቀባት አገር ሰው ያንን ምዕራፍ ሲያነብ ራሱን የሚያገኘው ቦምቡ በተወረወረበት አዳራሽ ውስጥ ይመስለኛል። ቶሚኖ የተወለደው በ1941 ነው።

በዚያው ዓመት የተወለደው ሃያኦ ሚያዛኪ በልጅነቱ የኡትሱኖሚያን መደብደብ አይቷል። በ1978 ለጃፓኑ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንኤችኬ «ፊውቸር ቦይ ኮናን»ን በ26 ክፍል ሲሠራ የተነሣው ከአሌክሳንደር ኪይ የ1970 ልብ ወለድ ነበር፤ ዓለም ጠፍታ የተረፉት እንኳ በጎሪጥ የሚተያዩበት፣ ቀዝቃዛው ጦርነት የተጫነው መጽሐፍ። ያ ጨለምተኝነት ለሚያዛኪ አልተዋጠለትም። በእሱ እጅ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮናን ላና የምትባለውን ልጅ ታቅፎ ከሰማይ ጠቀስ ግንብ ይዘላል፤ በሁለት እግሩ ያርፋል፤ ድንዛዜው ከእግሩ ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣበት እናያለን፤ ከዚያ ሩጫውን ይቀጥላል። ፊዚክስ አይፈቅድም። ይሁንና የዓለምን መጥፋት በሚተርክ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ማቆም ለኪይ የተሰጠ መልስ ነው።

መለወጥ ብቻውን ግን ሙያ አይደለም። የኢ. ኢ. ስሚዝን «ሌንዝማን» በ1984 ወደ ፊልም ያመጡትም እንዳሻቸው ለውጠውታል። በመጽሐፉ ከአካዳሚ የሚመረቀው ኪምቦል ኪኒሰን በፊልሙ የገበሬ ልጅ ሆኖ ታሪኩ ስሙን ያገኘበትን ሌንዝ ከሚሞት ሰው እጅ ይረከባል፤ ልክ እንደ «ስታር ዎርስ» ጀግና። እዚህ ከስሚዝ ጋር የተደረገ ክርክር የለም፤ ያለው የገበያ ሽታ ነው። በኮምፒዩተር የተሠሩት ትዕይንቶቹ ለዘመናቸው ደፋር ነበሩ፤ ታሪኩን ግን አላዳኑትም።

ጋንዳምን የሠራው ስቱዲዮ ሰንራይዝ ራሱ በ1988 ወደ ሃይንላይን ተመልሶ መጽሐፉን በስሙ፣ በስድስት ክፍል ለቪዲዮ አወጣው። አሁን ልብሱ በሰው ልክ ነው፤ ሪኮም ሪኮ ነው። ነገር ግን ከአሙሮ ጋር ያደገ ተመልካች ወዶ ዘማቹን ወጣት ሲያይ የሚያነሣው «ለምን?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ፊልሙም አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል።