«በላ» ስለምትባል አንዲት ቃል

ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ተማሪ ከወለጋ ተነሥቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሲንገላታ ቆይቶ ማታ ወደ መኝታ ክፍላችን ደረሰ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳን እንዴት አድርጎ እንደሚቀበል ለአንባቢ መንገር አያሻም። የምግብ አዳራሹ ተዘግቷል። እኛ ከቤት የተላከልንን በሶ በጥብጠን፣ ዳቦ ቆርሰን ተቀምጠናል። እንግዳው አማርኛ ገና አልለመደም፤ እኛም ኦሮምኛ አንችልም። ከመካከላችን አንዱ በትሕትና «በላህ?» ብሎ ጠየቀው። እንግዳው ፊቱ ፈካ አለና ራሱን እየነቀነቀ «ኤዬ! ኤዬ!» አለ። «ኤዬ» አዎን ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከኦሮምኛ የምናውቀውም እርሱን ብቻ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። እንግዲያው በልቷል ብለን የቀረውን ዳቦ ከደንን፤ አልጋውንም አሳይተነው ተኛን።

ነገሩ የተገለጠው በማግሥቱ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ጎረቤታችን ሲመጣ ነው። በኦሮምኛ «ቤላ» ረኀብ ነው። እንግዳችን የሰማው «ራበህ ወይ?» የተባለ መስሎት ኖሯል። አዎን አለ፤ አዎን ስላለ ዳቦውን ከደንንበት። ይሉኝታ ይዞት ደግሞ ሳይጠይቅ ጦሙን አደረ። በመጀመሪያ ሁላችንም፣ እርሱም ጭምር፣ ሳቅን፤ በኋላ ግን እኛ አፈርን።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል በሄድንበት ሁሉ ስንከታተላት ከርመናል። በራሳችን በአማርኛም ቢሆን አንድ መልክ ብቻ ያላት አይደለችም። ጠብቃ ስትነበብ ጎረሰ፣ ዋጠ ማለት ናት፤ ላልታ ስትነበብ «በል እንግዲህ ተናገር» ትሆናለች። በጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» ሲባል የሚቀርበው ነገር እንጂ ምሳ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ በጽሑፍ አይለዩም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚለው ተረት ውስጥ የሚበላው ደግሞ እንጀራ አለመሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን አንኮበር ብንደርስ፣ ከዚያም ቁልቁለቱን ብንወርድ አልዩ አምባን እናገኛለን። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን የሚያራግፍበት ታላቅ ገበያ ነበር፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ የሚገናኙበት። በዚያ ገበያ መካከል አንድ ሰው «በላ!» ብሎ ቢጮኽ ምን ይሆን ነበር? አማራው ማን ምን በላ ብሎ ይዞራል፤ ኦሮሞው ማን ተራበ ይላል። በዓረብኛ «በላ» ማለት «እንዴታ!» ማለት ነውና፣ አንድን ነገር «አይደለም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አዎን ነው ብሎ የሚያጸና መልስ ነው፤ ዓረቡ ነጋዴ ዋጋው የተቆረጠ ሊመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ሸዋ የመጣው የማርኬዝ አንቲኖሪ ጓድ ከአንኮበር አጠገብ በሌት ማረፊያ ጣቢያ ተክሎ ነበርና፣ ከእነዚያ ኢጣልያኖች አንዱ ቢሰማ ደግሞ «ቤላ» ለእርሱ ቆንጆ ማለት ነው። አንዱ ጠግቦ፣ አንዱ ተርቦ፣ አንዱ እሺ ብሎ፣ አንዱ በውበት ተማርኮ!

አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «የተራበ ይበላልና በላና ቤላ አንድ ቃል ናቸው» ብሎ ተከራከረን። አንቀበለውም። ዝምድና በድምፅ መመሳሰል ብቻ አይፈረድም። ግእዝና ትግርኛ «በልዐ» ይላሉ፤ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ያው ሥር ዋጠ ማለት ነው። አማርኛ መጨረሻዋን «ዐ» ስለጣለ ላ ሆና ቀረች። ይህ በሥርዓት የሚታይ ዝምድና ነው። ኦሮምኛ ግን የኩሽ ቋንቋ ነው፤ መብላት በእርሱ «ኛቹ» ነው፤ «ቤላ» ከእኛው «በላ» ጋር የተገናኘችው መንገድ ላይ እንጂ በዘር አይደለም። እንዲህ ያለ የቃል ትንታኔ የሰውንም የአገርንም ታሪክ ለመፍጠር ሲውል ስላየን ነው ማምረራችን።

ቋንቋ በተነሣ ቁጥር በመካከላችን የሚሞቀው ክርክር ስለ መብትና ስለ ሥልጣን ነው። ክርክሩ አይኑር አንልም። ነገር ግን ከክርክሩ በኋላ ወደ አንድ ክፍል ገብተን አልጋ ለአልጋ ስንተኛ፣ ጎረቤታችን ራበኝ ቢል የማንሰማ ሰዎች ነን። ክራፍና ኢዘንበርግ የተባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር ገቡ። የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841፣ የክራፍ የኦሮምኛ የቃላት መጽሐፍ በ1842 ለንደን ላይ ታተመ። ዓላማቸው ስብከት ነበር፤ ጆሯቸው ግን ክፍት ነበር። እኛ አራት ዓመት አብረን ተኝተን «ኤዬ»ን ብቻ ይዘን መመረቃችን ምን ይባላል? የተማሪዎች ማኅበር ለኳስ ውድድር ከሚሰጠው ሰዓት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲቱን ቆርሶ ተማሪ ለተማሪ ቋንቋ የሚማማርበት ቢያደርጋት እንላለን። መምህርም በጀትም አይጠይቅም።

እኛ እስኪወሰን አልጠበቅንም። በራችን ጀርባ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ኦሮምኛ፣ እስከ ዛሬ 62 ቃል ደርሷል። የመጀመሪያው መሥመር «በልተሃል?» — «ኛቴታ?» ይላል። የጻፈው ያ እንግዳችን ነው። በሦስተኛ ዓምድ አፋርኛ የሚጨምርልን ጎረቤት ካለ ማታ ማታ እንገኛለን፤ በሶም አለ።