ጅብ ከሄደ የሚጮህ መዝገብ

ክሪፕቶ የወንጀለኛ መሸሸጊያ ሆነ ሲባል ደጋፊዎቹ የሚመዙት መልስ አንድ ነው፦ «እያንዳንዱ ዝውውር ለዓለም ክፍት በሆነ መዝገብ ይሰፍራል፤ ሌባ ምን ብሎ ይደበቅበታል?» መልሱ ግማሽ እውነት አለው። የሚያዘናጋውም ይኸው ግማሹ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 መቀመጫውን ዱባይ ካደረገው ባይቢት የተባለ የክሪፕቶ መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢተር የተባለ ክሪፕቶ ተዘረፈ። ሳምንት ሳይሞላ ኤፍ ቢ አይ ዘራፊዎቹ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች መሆናቸውን አስታወቀ። ገንዘቡ ወደ ቢትኮይን እየተመነዘረ በሺዎች በሚቆጠሩ አድራሻዎች ሲበተን መዝገቡ አንድም አላመለጠውም። የፈለገ ሁሉ እያየ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አድራሻው የፊደልና የቁጥር ድርድር እንጂ የሰው ስም የለበትም። የአድራሻውን ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ያዝዛል፤ የታዘዘው አይመለስም። ባንክ ቢሆን «ይህን ሒሳብ አግድ» የሚባል ኃላፊ ይኖራል። ቢትኮይን ደግሞ የሚኩራራው ያንን ኃላፊ በማስወገዱ ነው።

«የኮሎኒያል ፓይፕላይን ቤዛስ ተመልሶ የለም?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የአሜሪካው ነዳጅ አስተላላፊ በሜይ 2021 ለጠላፊዎች ከከፈለው 75 ቢትኮይን መንግሥት በወሩ 63.7ቱን አስመልሷል። ነገር ግን መዝገቡ ዱካውን ከማሳየት አላለፈም። ገንዘቡ የተያዘው መርማሪዎች የአድራሻው ቁልፍ እጃቸው ስለገባና የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ስለያዙ ነው። ቁልፉ ባይገኝ ዱካው ዱካ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሌባ የዘረፈውን ለመብላት አንድ ቀን ወደ ዶላር መመንዘሩ አይቀርም። ፍተሻው ሊጠብቅ የሚገባው እዚያ በር ላይ ነው። ይሁንና ከበሩ ዘበኞች አንዱ የሆነው የዓለም ትልቁ የክሪፕቶ መገበያያ ባይናንስ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ከ4.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት እንዳለው ከ100,000 በላይ አጠራጣሪ ዝውውሮችን ሳያሳውቅ አሳልፏል። መዝገቡ ክፍት ነበር፤ ዘበኛው ግን ከሚያልፈው ሁሉ ኮሚሽን ይቀበላል።

ስለዚህ «ሁሉም ይታያል» የሚለን ሰው አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ የሚያግደውስ ማን ነው? የተዘረፈ ሰው ገንዘቡ በየት በኩል እንደሄደ በደቂቃ ተቆጥሮ ቢነገረው ምን ይፈይድለታል?