ቤት ስንለቅ ውሻውን ለማን እንተዋለን?
ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት የሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉ አንድ ቀን ቤት መልቀቁ አይቀርም። ባለቤቱ ልጁን ድሮ ቤቱን ለሙሽሮቹ ይፈልገዋል፤ ወይም ኪራዩ ከደመወዝ በላይ ይሆናል፤ ወይም ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል። በዚያን ጊዜ ደላላ ይጠራል፥ አዲስ ቤት ይታያል፤ ስለ ውኃው፥ ስለ መብራቱ፥ ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለ ታክሲው ርቀት አንድ በአንድ ይጠየቃል። አልጋውና ቁም ሳጥኑ በአይሱዙ ላይ ከተጫነ በኋላ ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ «ውሻውስ?» ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ከመጨረሻ መጥቶ ከፊት ከሚጠየቁት አንዱ ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቶቼንም ቀጥሎ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ፥ የተተወ ውሻ የጠፋ ውሻ አይደለም። ጌቶቹ ሲሄዱ እርሱ እዚያው በር ላይ ይቀራል። አዲሱ ተከራይ በድንጋይ ያባርረዋል፤ እርሱም ተመልሶ ይመጣል። በኋላም ከቆሻሻ ገንዳና ከሥጋ ቤት ደጃፍ እየለቀመ ከመንገድ ውሾች ጋር ይቀላቀላል። ሴት ከሆነች ነገሩ የበለጠ ይከፋል፤ አንዲት ውሻ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለችና። እንግዲህ እኛ «ተገላገልን» ያልነው ችግር ለሰፈሩ ልጆች በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ይተርፋል ማለት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1885) ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ ከሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ይሞታሉ። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶው 99 ያህሉ በውሻ ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆነ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የተከተበ፥ ባለቤት ያለውና በግቢ የሚጠበቅ ውሻ ለሰፈሩ ጋሻ ነው፤ ያው ውሻ ሜዳ ላይ ሲጣልና ክትባቱ ሲቋረጥ ግን አደጋ ይሆናል።

በሁለተኛ ደረጃ፥ ሕጉ ራሱ አስቀድመን እንድናስብ ያስገድደናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አከራዩም ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ይህ ለተከራይ ታላቅ መከታ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት ረዥም ጊዜ ነው፤ ውሻን ለሁለት ዓመት ደብቆ ማኖር የሚችል ሰው አላየሁም። አንድ ሌሊት ሲጮኽ ምስጢሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከአከራይ ጋር የሚኖረው ኑሮ የጭቅጭቅ ኑሮ ነው። ስለዚህ ከፊርማው በፊት «እማማ፥ አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉን፤ ውሻው ተከትቧል፥ ወረቀቱም ይኸው» ብሎ መናገር ይሻላል። ከተስማሙም ስምምነቱ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ቃል ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይኖራል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ለሚከራይ ሰው የባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ስለሚል ደንቡ ስለ እንስሳት የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ደንቡ ዝም ቢልም እንኳ ጎረቤት አለ። በደረጃው ላይ የሚወጡ አዛውንት አሉ፤ ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት አሉ፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዳይነካ የሚጠነቀቁ ሰዎችም አሉ። እነዚህን ሁሉ ማክበር ከጨዋ ተከራይ ይጠበቃል። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ ያውም እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም። «አመለጠኝ» ማለት ከክፍያ አያድንም።

አሁን አንዳንድ አንባብያን «ሰው ራሱ ቤት አጥቶ በሚንከራተትበት ከተማ ስለ ውሻ መጻፍ ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ እኔም ውሻ ከሰው ይቅደም አልልም። ይህን በእኛው ቤት ምሳሌ ላስረዳ። በዚህ ዓመት ቤተ ሰባችን ከሁለት ቤቶች አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበታል። አንደኛው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለታናሽ እኅቴ ትምህርት ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አከራይዋ ግን «ድመቷ ትግባ፥ ውሻው ግን አይሆንም» ብለዋል። ሁለተኛው በሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ ውሻውም ድመቷም ይገባሉ፤ ነገር ግን እኅቴ በየቀኑ ሁለት ታክሲ መያዝና ገና ሳይነጋ ከቤት መውጣት ይኖርባታል። አባቴ የታክሲውን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሲደምር፥ እናቴ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ በጨለማ መውጣቷን ስታስብ፥ እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለአንደኛው ቤት ነው።

ውሻውን ስለማልወድ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፥ የእኛም ቡቺ ስድስት ዓመት ሙሉ በሌሊት ለእኛ ሲጮኽ ኖሯል። ነገር ግን በግቢ ሲሮጥ ያደገ ውሻ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ታስሮ ቢውል ለእርሱም ቅጣት ነው። ይልቁንስ በሰንዳፋ መንገድ ግቢ ያላቸው አጎቴ «አምጡልኝ፥ ለበጎቼ ጠባቂ ይሆነኛል» ብለዋል። ይህ መልስ የተገኘው ግን ቤት ከመልቀቃችን ከሁለት ወር በፊት ስለጠየቅን ነው። በመጨረሻው ቀን ብንጠይቅ ኖሮ ምናልባት ከአሮጌው በር ሌላ የምንተውበት ቦታ ባልነበረን። የጉዳዩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ውሻውን ይዞ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ስሙ የሚታወቅ ተቀባይ ሳይፈልጉለት መሄድ ግን ምንጊዜም ትክክል አይደለም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና፥ ጊዜ ያለው ሰው ለሰውም ለእንስሳም የሚሆን መፍትሔ አያጣም።

ስለ ድመት ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ውሻ ሰውን ይከተላል፤ ድመት ግን ከሰው ይልቅ ቦታን ትለምዳለች። ብዙ ሰዎች ድመታቸውን ወደ አዲሱ ቤት ወስደው በማግስቱ በሩን ከፍተው ይለቋታል፤ እርስዋም የድሮ ቤቷን ፍለጋ ስትሄድ በመንገድ ላይ ትጠፋለች ወይም በመኪና ትገጫለች። ስለዚህ ክዳን ባለው ቅርጫት ይዞ መሄድና በአዲሱ ቤት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ ሳያጥቡ ይዞላት መሄድም ይረዳል፤ የራሷን ሽታ ስታገኝ ትረጋጋለችና። ድመትም በእብድ ውሻ በሽታ ልትያዝ ስለምትችል ክትባቷን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ ቤት ለመለወጥ ለሚያስብ ቤተ ሰብ የእኔ ምክር ባጭሩ ይህ ነው። ደላላው የመጀመሪያውን ቤት ከማሳየቱ በፊት እንስሳቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቆጠሩ፤ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ሲጠየቅ ስለ እነርሱም ይጠየቅ። አዲሱ ቤት የማይመቻቸው ከሆነ፥ የሚሻለው በአሮጌው ቤት መቆየት፥ ሌላ ቤት መፈለግ ወይም ለታመነ ሰው መስጠት መሆኑ ይመዘን። የሚሰጥም ከሆነ ከነክትባት ወረቀቱ ይሰጥ፤ ሴት ውሻ ከሆነች ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዶ ማምከኑ ይታሰብበት።

ለጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር አለ። ቡችላውን ከጎረቤት በለቅሶና በልመና ያስመጣነው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ልጆች ነን፤ አባትና እናት እሺ ያሉት እንባችንን አይተው ነው። ስለዚህ ቤት በሚለወጥበት ጊዜ ነገሩን ለእነርሱ ጥለን ዝም ማለት አይገባንም። ተቀባይ መፈለግ፥ ወደ ክትባት መውሰድ፥ በአዲሱ ግቢ ጠዋትና ማታ አስሮ ማንሸራሸርና ሲያቆሽሽ መጥረግ የእኛ ሥራ ይሁን። ወላጆችም እንስሳ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት «ነገ ቤት ብንለቅስ?» ብለው ቢጠይቁን አይከፋንም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ልጅ ቡችላውን ይቀበል፤ መልስ የሌለው ግን እስኪያገኝ ይቆይ።