ስለ በረዶ ናዳ ለወላጆች የተሰጠ ምክር

ልጁ በስዊስ አገር የሚማር ወላጅ ይህን ይጻፍለት። በአልፕስ ተራራ ላይ የተከመረው በረዶ እንደ ነጭ ሸማ ቢያምርም ድርብ በድርብ ነውና፥ የሥረኛው ድርብ ልል ሲሆን፥ ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በሚበልጥበት ስፍራ አንድ ሰው ቢረግጠው ይናዳል።

በዳቮስ ከተማ ያለው የበረዶ መመርመሪያ ቤት በብርድ ወራት በየቀኑ የአደጋውን ደረጃ ከ1 እስከ 5 ያስታውቃል። 3 ሲባል መካከለኛ መስሎት አይናቀው፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ነው።

ናዳ የቀበረው ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ተስፋው ጥቂት ነው። ከሩቅ የተጠራ ረዳት ሳይደርስ ፈጥኖ የሚያወጣው ባልንጀራው ነውና፥ ብቻውን አይሂድ። ሁሉም ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ራዲዮ፥ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይያዙ፤ ቁልቁለቱንም አንድ በአንድ ይሻገሩ። ከመንገድ መመለስንም እንደ ፍርሃት አይቍጠረው፤ ወላጅ የሚናፍቀው የልጁን በደኅና መግባት ነው።